ማርኪታ የምትባል አናውቅም

«በሰባት ዓመትሽ መብራት አስገብተሻል ይላል እዚህ» አለ ሚስተር ታልበርት፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። «እኔ በሰባት ዓመቴ የጫማዬን ክር እንኳ በደንብ ማሰር አልችልም ነበር። አንቺ ቤት ታስተዳድሪ ነበር?»

«ፈጣን ልጅ ነበርኩ» አለች ማርኪታ።

ቀልዱ አዲስ አልሆነባትም። ስሟን በኮምፒውተር የከፈተ ሁሉ፣ ስልክ ሻጩም ቤት አከራይዋም የባንኩ ልጅም፣ ያቺን ቀን ሲያይ አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም። እናቷ ግሌንዳ ከጎኗ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቅዳሜ ቢሆንም የቤተ ክርስቲያን ኮፍያዋን አድርጋለች፤ መኪና ሻጭ ዘንድ ሲኬድ ሰው መስሎ መታየት ያስፈልጋል ብላ። አሁን ግን በሩ አጠገብ ያለውን የፈንድሻ ማሽን ነው የምታየው፣ ትኩር ብላ። ቢሮው በጎማ የቆመ ተጎታች ቤት ነው። ምንጣፉ የድሮ ሲጋራ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ቁልፍ ከፍ አድርገው የሚስቁ ደንበኞች ፎቶ ተደርድሯል። በመስኮቱ ሲታይ ግቢው ባለቀለም ባንዲራ ተወጥሮበታል፤ ከላማር ጎዳና የሚመጣው ነፋስ ያርገበግበዋል። በበሩ ላይ በትልቁ «ስምህ ቢጠፋም መኪና አታጣም» ተብሎ ተጽፏል። የካቲት ነው፤ መንግሥት የግብር ተመላሽ የሚልክበት ወቅት ስለሆነ ግማሹ ሜምፊስ መኪና ሊገዛ ወጥቷል።

በእኛ ከተማ ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛው እናቱ ያወጣችለት ነው፤ ሌላው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ከፋይ ነው፣ ካጅ ነው እየተባለ የሚመዘንበት። በእናት ስም ያለው መብራት በዕዳ ሲቆረጥ በልጅ ስም አዲስ ይገባል። ኩባንያው የሚጠይቀው የመታወቂያ ቁጥር ነው እንጂ ቁመት አይደለም። በየሰፈራችን የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ስንት ባለዕዳ አለ። የማርኪታም ነገር እንደዚሁ ነው፤ መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ ጋዙ፣ ቀጥሎ በዱቤ የመጣው ቡናማ ሶፋ። ቤት በቀየሩ ቁጥር ያልተከፈለው እንደተንጠለጠለ ይቀር ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ቢባልም የእሷ ስም ገና ባለቤቷ አድጋ ሳትጨርስ ከመሬት በታች ወርዶ ነበር። ያወቀችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ስልክ ልትገዛ ሄዳ ስሟን አይተው ሲመልሷት ነው። የዚያን ቀን ማታ ለእናቷ ነገረቻት። ግሌንዳ ተነሥታ ዓሣ ጠበሰች። ዓሣው ይጣፍጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለዚህ ጉዳይ የተናገረ ሰው የለም።

ማርኪታ አትቆጣም ማለት አይደለም። ተቆጥታ ደክሟት ትታዋለች። ከአንዲት እናት ጋር በአንድ ማዕድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ የቅቤ ቢላዋ እየተጋሩ፣ በየቀኑ መቆጣት አይቻልም። ዛሬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ከመንጋቱ በፊት የሚነሣ መኪና። ከክፍለ ግዛቱ ድንበር ማዶ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ የማዕድ ቤት ኃላፊ አድርጎ ቀጥሯታል። ሆስፒታል አንሶላ በማጠብ ከምታገኘው በሰዓት ስድስት ዶላር ይበልጣል። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። «መኪና አለሽ?» ሲሏት «አለኝ» ብላለች፤ በቃ፣ ያለችውን እውነት ማድረግ ነው የቀራት።

መኪናዋን መርጣለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ የግራ በሯ ከሌላው አካሏ ትንሽ የሚደምቅ ናት። ጠዋት ከሚስተር ታልበርት ጋር ጎዳናውን ዞረውባታል። ፍሬን ሲያዝ ትንሽ ወደ ጎን ትስባለች፣ ስትነሣ ግን ቅር አይላትም። ሬዲዮዋ አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል፣ እሱም መዝሙር ነው። መስታወቷ ላይ በነጭ ቀለም ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ ተጽፎባታል። ግሌንዳ ዋጋውን ስታይ ኮፍያዋን አስተካክላ «ለዚህ ቆርቆሮ!» ብላ ነበር። ማርኪታም መኪናዋ የዋጋውን ግማሽ እንደማታወጣ አላጣችውም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ ደግሞ እርጉዟ ቆንጆ ከሆነች ምን ችግር አለ፣ አለች በሆዷ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ወገቧ ደስ ብሎታል።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለ ሚስተር ታልበርት። ቦርጩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ የሚያወራ፣ ክፋት የሌለው ነጋዴ ነው። «ቅድሚያ ክፍያ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ከዚያ በየሳምንቱ ዓርብ ዘጠና አምስት ዶላር፣ እዚሁ መጥተሽ፣ በእጅሽ። ወለዱን አልነግርሽም አልልም፣ ከፍ ያለ ነው። ከመሪው ሥር ትንሽ ሳጥን እናስገባለን። ዓርብ ካለፈሽ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ አትነሣም። ክፉ ስለሆንን አይደለም፣ ፍቅራችን ቅናት ስላለበት ነው።» ሳቀና ወደ ግሌንዳ ዞረ። «ሌላ መንገድም አለ። ሚስ ግሌንዳ፣ ከፈቀዱ የእርስዎን ስም ልየው?»

ግሌንዳ ራሷን ነቀነቀች። ሰውየው መታወቂያዋን ተቀብሎ ጻፈና አፉን ከፈተ።

«ኧረ እናቴ! ወርቅ ነዎት! እርስዎ ዋስ ከሆኑ ያቺን ውጭ የቆመችውን ብርማ መኪና ነው የምሰጣት። አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ወለዱ ግማሽ፣ ሳጥን የለ፣ ዓርብ የለ!»

የግሌንዳ ስም ወርቅ የሆነው ለምን እንደሆነ ከሰውየው በስተቀር በክፍሉ ያለ ሁሉ ያውቃል። እንደ እሑድ ልብስ ተጠብቆ ነው የኖረው፤ ለአዘቦቱ ሥራ የልጅቷ ስም ነበረ። ትምህርት ቤት ምሳ ቤት ቋሚ ሥራ ካገኘች በኋላም የወሰደችውን ሁሉ በቀኑ ከፍላ ስሟን አወልውላዋለች። አሁን ግን ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። አፏን ከፈተች፣ «እኔ…» አለች፣ ዘጋችው። ማርኪታ ፊቷን አይታ እናቷ እንደፈራች ገባት። ልጅቷን አንድ ክፍያ ቢያልፋትስ፣ ብትታመምስ፣ ያ ሁሉ ዓመት የተጠበቀ ስም አብሮ ቢወድቅስ። የገረማት ግን ሌላ ነው። ይህን ፍርሃት በማየቷ ልትናደድ ሲገባት አዘነችላት።

«አይ» አለች ፈጠን ብላ። «በስሜ ነው የምፈልገው። ዓርብ በከፈልኩ ቁጥር ከፍላለች ብላችሁ ታስመዘግቡልኛላችሁ አይደል?»

«ያለ ጥርጥር።»

«እንግዲያው የወይን ጠጇን ስጠኝ። ስሜን ያበላሸው ክፍያ መቅረቱ ነው፣ ክፍያ ያድነዋል።»

ግሌንዳ እፎይ አለች። እፎይ ማለቷም አሳፈራትና እንደገና ወደ ፈንድሻው ዞረች።

«ጥሩ» አለ ሰውየው። «የቀረው ምስክር ነው። አብረውሽ የማይኖሩ አምስት ዘመዶች ስልክ ስጪኝ። መኪናዬን ይዘሽ ብትጠፊ የት እንደምፈልግሽ ለማወቅ ነው። ቢያንስ ሦስቱ አውቃታለሁ ማለት አለባቸው። የምደውለው ከዚህ ስልክ ነው፤ አንቺ አስቀድመሽ ከደወልሽላቸው አይቆጠርም። ያለዚህ ቁልፍ አልሰጥም፣ ለወንድሜም ቢሆን።»

ማርኪታ ስልኮቹን ሰጠችው። ዘመድ ሞልቷታል፤ ይህ የቀኑ ቀላሉ ክፍል ነው ብላ ወንበሩ ላይ ተመቻቸች። ሚስተር ታልበርት ሁላቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍቶ የመጀመሪያውን ደወለ። የግሌንዳ እህት ኢርማ ናት፤ ማርኪታን በየክረምቱ ዕረፍት ቤቷ ወስዳ ያሳደገቻት።

«ሄሎ?»

«እንደምን ዋሉ እመቤቴ። ማርኪታ ፔቲግሩ የምትባል ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«የእህትዎ ልጅ ነኝ ብላኛለች።»

«እህትም የለኝም» አለች ኢርማና ዘጋችው።

ሚስተር ታልበርት ማርኪታን አያት። ማርኪታ ስልኩን አየችው። «ሌላውን ሞክር፣ አክስቴ ጆሮዋ ደክሟል» አለች። ሁለተኛው አጎቷ ሮስኮ ነበር።

«ማርኪታ?» አለ ሮስኮ፣ ድምፁን አሳዝኖ። «ውይ ወንድሜ፣ አልሰማህም እንዴ? ሞታለች እኮ። ነፍሷን ይማር። ልብ ነው አሉ።»

«መቼ?»

«ቆየ። ደግሞ ዕዳ ነገር ካለባት አብሯት ተቀብሯል።»

ሦስተኛው የአጎቷ ልጅ ዲያንድሬ ነው። እሱ እንኳ አልገደላትም። ባሕር ኃይል ገብታ ጃፓን ናት፣ አድራሻዋን መንግሥት ደብቆታል አለ። የቀሩት ሁለቱ ስልክ ጭራሽ አላነሡም።

«ጃፓን ይሻላል፣ ቢያንስ በሕይወት አለሽ» አለ ሚስተር ታልበርት። ማርኪታ ከትከት ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቅር ሳቀች። ሰውየውም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ነገሩ ምን እንደሆነ ገባትና ሳቋ አለቀባት። ዕዳ ሰብሳቢ ሲደውል ምን እንደሚባል ቤተሰቡን ያስተማረች ግሌንዳ ናት፤ እየዞረች፣ እየደጋገመች፣ በፋሲካም በምስጋና ቀንም ማዕድ ላይ። ሰብሳቢዎቹ ግን ጠርተው የሚጠይቁት ግሌንዳን አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠራው ስም የማርኪታ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አክስቷም አጎቷም የአጎቷ ልጆችም ለማያውቁት ድምፅ ማርኪታ የለችም ሲሉ ኖረዋል። ያ ሁሉ ዘመድ በፍቅር ነው የካዳት። አሁንም መስመር ላይ ቢሰለፉ እያንዳንዳቸው ለእሷ ብለው ይክዷታል።

ሚስተር ታልበርት መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እህቴ፣ እኔ አምንሻለሁ። ይህን ታሪክ የሚፈጥር ሌባ የለም። ግን ደንቤን ካፈረስኩ ነገ ሁሉም ያፈርሰዋል። ነገ እሑድ ነው፣ ዝግ ነን። ሰኞ ጠዋት ነይና…»

«ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ መሆን አለብኝ። በዚያችው መኪና።»

ሰውየው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አንዲት እርጉዝ ሴትና ባሏ የወይን ጠጇን መኪና በር ከፍተው ውስጧን እያሸተቱ ነው። ልጃቸው ፈንድሻውን ኮፈኗ ላይ በትኖታል። ማርኪታ ጃኬቷን ከወንበሩ ጀርባ አነሣች። አውቶቡሱን፣ አንሶላውን፣ የሆስፒታሉን የእንፋሎት ክፍል አሰበች። እንዲህ ከሆነም እንዲህ ነው፣ ብላ ለራሷ ልትነግረው እየሞከረች ነበር፤ አልሆነላትም።

«ያን ስልክ ወዲህ አምጣው እስቲ» አለች ግሌንዳ።

ተነሥታ ቆማለች። ሚስተር ታልበርት «እርስዎ ቢደውሉ አይቆጠርም» ሊል ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። የኢርማን ቁጥር እንደገና መታላት።

«አላውቃትም አልኩህ እኮ!» አለች ኢርማ ገና ስታነሣው።

«ኢርማ፣ እኔ ነኝ። ግሌንዳ።»

«ግሌንዳ የምትባልም አላውቅም።»

«የእማን የሸክላ ዶሮ ሰብረሽ ድመቷ ናት ያልሽው አንቺ ነሽ። አሁን አወቅሽኝ?»

«ድመቷ ናት የሰበረችው» አለች ኢርማ።

«አይደለችም።»

«ምንድን ነው የፈለግሽው ግሌንዳ? አስደነገጥሽኝ።»

ግሌንዳ ኮፍያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ልጇን አላየቻትም። የስልኩ ድምፅ ተከፍቶ ክፍሉ ሁሉ እንደሚሰማ ግን ታውቃለች፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ነው ያወጣቻቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ያ ውሸት ቀርቷል። ስለ ማርኪታ የጠየቀ ሁሉ እውነቱ ይነገረው። ልጅቷ አንድም ቀን የሰው ገንዘብ በልታ አታውቅም። መብራቱ የእኔ ነው። ጋዙ የእኔ ነው። ሶፋውም የእኔ ነው፣ አንቺም ተቀምጠሽበታል። በሰባት ዓመቷ ስሟን ወስጄ ተጠቀምኩበት፣ ስጨርስ ቆሻሻውን አልጠረግኩላትም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ፤ እኔ በልጄ ላይ ነው የለከክሁት። አሁን እዚህ መኪና ልትገዛ ተቀምጣ ሁላችሁም ቀበራችኋት።»

«ይህን ለልጅቷ ነግረሻታል?» አለች ኢርማ ቀስ ብላ።

«እየሰማችሽ ነው።»

ማርኪታ ጃኬቷን እንደያዘች ቆማለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን በብዙ መልክ አስባዋለች። በአብዛኛው እሷ እየጮኸች፣ እናቷ እያለቀሰች ነበር። አንድም ጊዜ የፈንድሻ ሽታና የማያውቁት ሰው አልነበሩበትም። ደግሞም እንዲህ ቀላል ይለኛል ብላ አላሰበችም፤ ደረቷ ላይ የኖረ ነገር ተነሥቶላታል፣ ደስታ ነው ብላ ለመጥራት ገና ታፍራለች እንጂ ደስታ ነው።

«ሰውየውን አቅርቢልኝ» አለች ኢርማ። «አንተ! ስማ። ያቺ ልጅ ስትወለድ እጄ ላይ ነበረች፣ ሦስት ኪሎ አትሞላም ነበር። በአሥር ዓመቷ ኬክ ጋግራ ምድጃዬን አቃጥላዋለች። ያኔ ያጠራቀመችውን አምጥታ ልክፈል ያለች ልጅ ናት። የአንተን መኪና ይዛ ትጠፋለች? መኪናህ ይዛት ትጠፋ እንደሆነ እንጃ!» ሚስተር ታልበርት ብዙ ጊዜ «አዎ እመቤቴ» አለ። ሊዘጋ ሲል ስለ ማርኪታ የመዘምራን ድምፅ ሌላ ወሬ ጀመረችለት። ከተዘጋ ጥቂት ቆይቶ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ሮስኮ ነው፣ ኢርማ ደውላ ተቆጥታዋለች።

«ወንድሜ፣ ትንሣኤ ሆኗል!» አለ። «ልጅቷ ተነሥታለች፣ አውቃታለሁ። እንዲያውም አሥር ዶላሬን ወስዳለች፣ እሱን አትጻፈው።» ዲያንድሬም ብዙ ሳይቆይ ከጃፓን መለሳት።

ፊርማው ብዙ ነበር። ማርኪታ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈች፣ እስክሪብቶውን ጫን እያለች፣ ሚስተር ታልበርት «አጭር ፊርማ ይበቃል» ቢላትም። ቁልፉን ሲሰጣት ለግድግዳው ፎቶ አነሣት። ግሌንዳ ፎቶው ውስጥ እንዳትገባ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች፤ ማርኪታ ግን ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ፎቶው ላይ እናቲቱ ኮፍያዋን ረስታ ፀጉሯ ተንጨባርሯል፣ ልጅቷ ትስቃለች። ባልና ሚስቱ በዚያን ጊዜ የብርማዋን መኪና ዋጋ እየተከራከሩ ነበር።

እንደነዚህ ያሉ ግቢዎች መኪና ሲሸጡ ነዳጅ አይሰጡም፤ ጠብታ ትተው ነው የሚያስረክቡት። ስለዚህ የማርኪታ የመጀመሪያ ጉዞ እስከ ማዶው ማደያ ብቻ ሆነ። ፀሐይ ወርዳ ብርዱ በርትቷል። ሬዲዮው መዝሙሩን እየዘመረ ቆመች። ግሌንዳ ወረደች፣ ወደ ሱቁ ገብታ ሃያ ዶላር ከፍላ ወጣች። ማርኪታ በልማዷ «ተዪው እማ፣ እኔ እከፍላለሁ» ልትል ነበር። አላለችም። በሰው መኪና የሚሳፈር ሰው የነዳጅ ያዋጣል፤ እናቷ ያደረገችው ይህንን ነው፣ መኪናዋ የማርኪታ ናት ማለቷ ነው። ነዳጁን ቀድታ ስትመለስ ግሌንዳ ቀበቶዋን አስራ፣ እጆቿን ጉልበቶቿ መሐል ከታ ተቀምጣ አገኘቻት።

«የዚያን ዓመት መብራቱን ቆርጠውት ነበር» አለች ግሌንዳ፣ ፊት ለፊት እያየች። «በረዶ ነበረ። አንቺ ትስያለሽ። ማታ ማታ እጅሽን ብብቴ ውስጥ ነበር የማሞቀው።»

«አስታውሳለሁ።»

«ቢሆንም ልጠይቅሽ ይገባ ነበር።»

«የሰባት ዓመት ልጅን ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ?»

ግሌንዳ ትንሽ አሰበች። «ብርዱ እስኪያልፍ ስምሽን አውሺኝ እልሽ ነበር።»

«እሺ እልሽ ነበር፣ እማ» አለች ማርኪታ።

ግሌንዳ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። ማርኪታ ሞተሩን አስነሣችና የማሞቂያውን አየር ወደ እናቷ አዞረችው።